ማንም ሳይወስን ከገበታ የራቀው ሥጋ

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለው ብሂል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለበጎ ነገር ነው። በትዕግሥት የሠራ ሰው ውሎ አድሮ ካሰበው ይደርሳል ለማለት። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ደጋማ ወረዳዎች ግን ብሂሉ ለሌላ ጉዳይም ይሠራል። እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ገበያ ገብቷል። ከእንቁላሉ በፊት ወተቱ፣ ከወተቱ በፊት ቅቤው፣ በመጨረሻም ሥጋው ከቤት ወጥቷል። ይህን ሁሉ ማንም ተቀምጦ አልመከረበትም፤ “ከእንግዲህ ሥጋ አንበላም” ብሎ የወሰነ አባወራም ሆነ እማወራ የለም።

እንጅባራ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ የባንጃ ወረዳ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ፋግታ ለኮማ፣ ከዚያም ዳንግላ ይገኛሉ። አካባቢው ዝናቡ የማይነጥፍ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ድንች የሚያበቅል ነው። በግና ፈረሱም ስመ ጥር ነው። እንዲህ ባለ ሀገር ገበታው ከሥጋና ከወተት እየራቀ መሄዱ ለሰሚ ግራ ያጋባል። ምክንያቱን ለመረዳት ከድስቱ ሳይሆን ከመሬቱ መጀመር ያስፈልጋል።

ግጦሹ የት ሄደ?

ላለፉት 20 ዓመታት ገደማ በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በአጎራባች ወረዳዎች የመሬቱን መልክ የለወጠው አንድ ዛፍ ነው። አርሶ አደሩ በአጭሩ “ዲከረንስ” የሚለው፣ ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነ የግራር ዝርያ ነው። ዛፉ በአሲዳማ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ናይትሮጂንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል፤ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥም ለከሰል ይደርሳል። ከሰሉ በጆንያ እየተጫነ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል።

አርሶ አደሩ በዚህ ዛፍ የሠራው ሥራ የሚያስመሰግን ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል። በሁለተኛው ዓመት በዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር እያጨደ ለከብቱ ያቀርባል። ከዚያ ቅርንጫፉ ተገናኝቶ ብርሃን ሲከለክል ሣሩ ይጠፋል። ዛፉ ሲቆረጥም ከሰሉ እዚያው ማሳው ላይ ይከሰልና መሬቱ እንደገና ይታረሳል። በአሲድ የተጎዳና ምርት የነፈገ መሬት ገንዘብ አስገኝቷል፤ ብዙ የሣር ቤት በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ልጆችም በዚሁ ገንዘብ ተምረዋል።

ዛፉ የያዘው መሬት ግን ባዶ አልነበረም። የእርሻ ማሳው እንዳለ ሆኖ፣ ቀድሞ ከብት ይውልበት የነበረው ዳገትና የማሳ ዳር ጭምር ዲከረንስ ሆኗል። የወል ግጦሹም በሕዝብ ቁጥር መጨመርና በእርሻ መስፋፋት አስቀድሞ ጠብቦ ነበር። ስለዚህ ከብቱ ከመስክ ወጥቶ ከደጅ ታሰረ። የታሰረ ከብት ደግሞ የሚኖረው ታጭዶ በሚቀርብለት ሣር፣ በጭድና በገለባ ነው። የሚቀርብለት መኖ ባነሰ መጠን የከብቱ ቁጥርም ያንሳል።

የአንድ ቤት መንገድ

ነገሩ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚሄድ ለማሳየት አንድ ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። ባልና ሚስት፣ አምስት ልጆችና አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር መሬት አለ እንበል። በበረቱ ሁለት በሬዎች፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ አንድ ፈረስና ሰባት በጎች አሉ። ዶሮዎችም በግቢው ይውላሉ።

አንድ ዓመት ራቅ ያለው ቃዳ ዲከረንስ ይተከልበታል። ውሳኔው ትክክል ነው፤ መሬቱ አሲዳማ ስለሆነ ገብሱ አልሰጥ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር ሣር ሲጠፋ መኖው ለሁሉም አይበቃም። ማን ይቀነስ? በሬ አይሸጥም፤ ያለ በሬ ማረስ አይቻልም። ፈረስም አይሸጥም፤ እህል ያመላልሳል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ይኬድበታል፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ለሚደምቀው የአዊ ፈረሰኞች በዓልም የቤቱ ክብር ነው። ስለዚህ የምትሸጠው ላሟ ናት። ይህም ውሳኔ ትክክል ነው።

ላሟ ስትሄድ ወተት፣ አሬራ፣ አይብና ቅቤ አብረው ይሄዳሉ። ቅቤው ለዓመት በዓል ብቻ ከገበያ ይገዛል። ቀጥሎ የማዳበሪያ ወቅት ይመጣና ሁለት በግ ይሸጣል፤ መስከረም ላይ ለደብተርና ለልብስ አንድ ይጨመራል። ቀሪዎቹ በጎች ለክፉ ቀን እንደ ባንክ ደብተር ይቆጠራሉ፤ ለሥጋ ማረድ ገንዘብ እንደ ማቃጠል ይሆናል። እንቁላሉ ደግሞ ለጨው፣ ለሳሙናና ለዘይት ይሸጣል።

የቅርጫውም ነገር እንዲሁ ነው። ቤቱ ቀድሞ ለፋሲካ አንድ መደብ ይገባ ነበር። የበሬው ዋጋ ሲንር አንዱን መደብ ከጎረቤት ጋር ይካፈላል። በሚቀጥለው ዓመት ቅርጫው ይቀርና ዶሮ ይታረዳል። ቋንጣ ከጣሪያው ሥር ከተሰቀለ ስንት ዓመት እንደሆነው የሚያስታውስ የለም።

እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ብልህነት ነው። አንድም ላይ “እዚህ ጋ ተሳስተሃል” የሚባል አርሶ አደር የለም። ሁሉም ሲደመር ግን አምስት ልጆች ያሉበት ቤት ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ ሆኖ ይገኛል።

ለምን አልታወቀም?

መታወስ ያለበት አንድ እውነት አለ። በገጠር ሥጋ ቀድሞም የዕለት ምግብ አልነበረም። የዓመት በዓል፣ የክርስትና፣ የሠርግና የተዝካር ምግብ ነበር። ዕለት ዕለት ከገበታው የማይጠፋው አሬራውና አይቡ፣ በቅቤ የሚሠራው ወጥና አልፎ አልፎ የሚገኘው እንቁላል ነበር። ስለዚህ ከሥጋው ይልቅ የጎዳው የእነዚህ ትንንሽ ነገሮች መጥፋት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጾም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው። ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ነነዌ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ ሁሉንም የሚጾም ሰው በዓመት ከ200 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይርቃል። በዚህ የተነሳ እናቶቻችን ያለ ሥጋ ጥሩ ገበታ ማቅረብን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆውና አዚፋው የዘመናት እውቀት ናቸው። የፍስኩ ቀን እንደ ጾሙ ቀን ሲሆን ታዲያ ቤተሰቡ የጎደለበት ነገር አይታየውም። እንጀራው አለ፣ ወጡ አለ፣ ሆድ ይሞላል። በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የጾሙ ሥርዓት የተለየ ቢሆንም የመሬቱና የገበያው ጫና አንድ ነው።

በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች ያለ ደመወዝተኛም ከዚህ አላመለጠም። ከሉካንዳ በኪሎ መግዛት ወደ ግማሽ ኪሎ፣ ከግማሽ ኪሎ ወደ ሩብ ኪሎ፣ ከዚያም ወደ በዓል ብቻ ወርዷል። ሰኞም ማክሰኞም በያይነት ማዘዝ ልማድ ሆኗል።

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት በአፍሪካ ቀዳሚ ናት። የአንድ ሰው የሥጋ ፍጆታ ግን በዓመት ከ10 ኪሎ ግራም በታች ነው። የዓለም አማካይ ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በአውሮፓ ሥጋ መቀነስ የብዙ ሰው ምርጫ እየሆነ መጥቷል፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 የአንድ ሰው ዓመታዊ ፍጆታ ወደ 52 ኪሎ ግራም ሲወርድ ለብዙ ዓመታት ያልታየ ዝቅተኛ መጠን ተብሎ ተመዝግቧል። እዚያ የቀነሰ ሰው ምን እንደሚተካበት አስቦ፣ አማራጩን ከመደብር መርጦ ነው። እዚህ ግን የቀነሰው ሰው መቀነሱንም አላወቀም፤ ስለዚህ አልተካም።

ባቄላውም አብሮ ራቀ

ሥጋ መቅረቱ ብቻውን አደጋ አይደለም። ጥራጥሬ በሚገባ የሚበላ፣ አልፎ አልፎም እንቁላልና ወተት የሚያገኝ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ባቄላና ምስር ከደረቅ ክብደታቸው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። አተርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ችግሩ በአዊ ደጋ ጥራጥሬውም ከማሳ እየወጣ መሆኑ ነው።

ባቄላ አሲዳማ አፈር አይወድም። ሥሩ ላይ ናይትሮጂን የሚያዘጋጁለት ረቂቅ ተሕዋስያን በአሲድ ይዳከማሉ፤ ፎስፈረሱም በአፈሩ ውስጥ ይታሰርበታል። በአንዳንድ አካባቢ “ቆርምድ” የሚባለው፣ ቅጠሉን አሳብጦ የሚያኮማትረው በሽታ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። አርሶ አደሩ ሁለት ሦስት ዓመት ከከሰረ በኋላ የባቄላውን ቦታ ለድንች ወይም ለዲከረንስ ይሰጣል። ድንች ጥሩ ሰብል ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ገንዘብም ያመጣል። ፕሮቲኑ ግን የባቄላን አይተካም።

በዚህ ጊዜ ሽሮ የሚገዛ ነገር ይሆናል። የሚገዛ ሽሮ ይቀጥናል። ዋጋው ሲወደድ ጓያ ይቀላቀልበታል። ጓያ ደግሞ የዕለት ምግብ ሆኖ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ፣ የማይድን ጉዳት ያስከትላል። እንግዲህ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተጎዳ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ሥጋና ወተቱ ሲሄድ፣ ሁለተኛ ጊዜ የሚተካው ጥራጥሬ ሲከተለው።

ጉዳቱ የሚታየው በማን ላይ ነው?

ጎልማሳው ብዙም አይታወቀውም። ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 በጉበት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል፤ ሲያልቅም ቀስ ብሎ ነው። የሚጎዱት ክምችት የሌላቸው ናቸው፤ ነፍሰ ጡሯ፣ የምታጠባዋ እናት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው ሕፃን። ሕፃን ሆዱ ትንሽ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ሽሮ በልቶ የሚያስፈልገውን ብረት፣ ዚንክና ፕሮቲን ማግኘት አይችልም። በትንሽ ምግብ ብዙ ነገር የሚሰጡት እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ሕፃናት በየቀኑ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ዓሣ እንዲያገኙ ይመክራል።

በ2011 ዓ.ም በሀገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ መቀንጨራቸውን አሳይቷል። የሀገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። ክልሉ እህል ተርፎት ወደ ሌላ የሚልክ መሆኑ ሲታሰብ ቁጥሩ ያስደነግጣል። መቀንጨር በረሃብ ብቻ አይመጣም፤ የንጽሕና ጉድለትና ተደጋጋሚ ሕመምም አስተዋጽኦ አላቸው። የምግብ ዓይነት ማነስ ግን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። የቀነጨረ ልጅ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚያጥረው፤ ትምህርት የመቀበል አቅሙም ይጎዳል። ላሟ ተሸጣ በተገኘው ገንዘብ ትምህርት ቤት የገባው ልጅ፣ ላሟ ባለመኖሯ ትምህርቱ ሊከብደው ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ጾም ያለው የተሳሳተ ልማድም መነሣት አለበት። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ሕፃናት አይጾሙም። ነፍሰ ጡሮች፣ አጥቢ እናቶችና ሕሙማንም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው የሚሆነውን ያደርጋሉ። ሆኖም በብዙ ቤት ድስቱ አንድ ስለሆነ፣ ዕቃው እንዳይነካካም ስለሚፈራ፣ የቤቱ ጾም የሕፃኑም ጾም ይሆናል። ለሕፃን የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ መመደብ ይህን ችግር ያለ ብዙ ወጪ ይፈታል።

በእጅ ያለው መፍትሔ

አርሶ አደሩ ዲከረንሱን ነቅሎ ወደ ድሮው ግጦሽ ይመለስ ማለት የማይሆን ምክር ነው። የሚቻለው፣ ሳይታሰብ የሄደውን አስቦ መመለስ ነው። ለዚህ አካባቢው የራሱ ሀብት አለው።

አንደኛው ግብጦ ነው። በአዊና በጎጃም አርሶ አደር ዘንድ የድኻ ሰብል ተብሎ ቢናቅም፣ ከብዙዎቹ ጥራጥሬዎች በፕሮቲን የሚልቅ ነው፤ ከክብደቱ ሲሶ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ባቄላ በማይሆንበት አሲዳማና የደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ ለሚቀጥለው ሰብል አፈሩን ያለመልማል። ችግሩ ምሬቱ ነው። ምሬቱ መርዛማነትም ስላለው ተቆልቶ፣ በወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ተዘፍዝፎ፣ ተልጦ እንጂ እንዲሁ አይበላም። ይህን እናቶች ያውቁታል። በምርምር የተገኙ ምሬት የሌላቸው ጣፋጭ የግብጦ ዝርያዎችም በሀገራችን አሉ። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች እነዚህን ዘሮች ወደ አርሶ አደሩ ማሳ ቢያደርሱ ሽሮው እንደገና ይወፍራል። ጣፋጩ ዝርያ ከመራራው ጋር እንዳይዳቀል አራርቆ መዝራት ግን ግድ ነው።

ሁለተኛው ኖራ ነው። የአፈሩ አሲዳማነት ተመርምሮ በሚታዘዘው መጠን ኖራ ከዘር በፊት ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ባቄላና አተር ወደ ማሳ መመለስ ይችላሉ። ኖራ ለስንዴና ለገብስ ብቻ የሚታሰብ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ሙሉ ማሳውን ማከም ያልቻለ አርሶ አደር ለቤቱ ሽሮ የሚሆን ሩብ ቃዳ አክሞ ቢጀምር ልዩነቱን በዓይኑ ያያል።

ሦስተኛው በጉ ነው። የአካባቢው በግ ዋሸራ ወይም የዳንግላ በግ በመባል ይታወቃል። ቀንድ የሌለው፣ ጸጉሩ አጭር፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ቡኒ፣ ላቱ ሰፊ፣ መንታ በመውለድም የታወቀ ነው። መንታ የምትወልድ በግ ያለችው ቤት ከአንዱ ጠቦት ለገበያ፣ ከሌላው ለቤት ማሰብ ይችላል። ለበዓል ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሣርና ጭድ፣ ከዚያም የኑግ ፋጉሎ ወይም ምሬቱ የተወገደለት ግብጦ እየጨመሩ ማድለብ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። አምስት ጎረቤታሞች አንድ የደለበ በግ በቅርጫ መልክ ቢካፈሉ፣ የበሬ ቅርጫ ዋጋ ያስቀረው ሥጋ በየተራ ወደ ቤት ይመለሳል።

አራተኛው መኖው ነው። ሁሉም ነገር የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው። ደሾ ሣር በእርከን ላይ፣ ትሪ ሉሰርን በአጥር ዳር፣ ዝሆኔ ሣር በጓሮ ቢተከሉ ለእህል የሚሆን መሬት አይወስዱም፤ አፈሩን ከመሸርሸርም ይጠብቃሉ። በሁለተኛው ዓመት ከዲከረንስ ሥር የሚገኘውን ሣርም አበባ ሲይዝ አጭዶ በድርቆሽነት ማስቀመጥ፣ ዛፉ ሲጨልም ለሚመጣው የመኖ እጥረት ይረዳል። ላም ለብቻ መያዝ ያልቻለ ቤት ከወንድም ወይም ከጎረቤት ጋር በጋራ ይዞ ወተቱን በየተራ ማለብ ይችላል።

አምስተኛው እንቁላሉ ነው። በኢኳዶር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ለሆኑ ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ሲሰጥ መቀንጨር በግማሽ ያህል መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ታይቷል። ሕፃናቱ አስቀድሞ ዓሣ በብዛት በሚያገኙበት በማላዊ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ግን በቁመት ላይ ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት፣ እንቁላሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ የእንስሳት ምግብ በሌለበት ቤት መሆኑ ነው። በአዊ ደጋ ብዙ ቤት የሚመስለው ይህንኑ ነው። አምስት ዶሮ ያላት እማወራ “ይህቺ ዶሮ የሕፃኑ ናት” ብላ አንዷን ብትለይ፣ የአራቱን እንቁላል ያለ ሐሳብ ትሸጣለች። በጾም ወራት የእንቁላል ዋጋ ሲወርድ መሸጡን ትቶ ለሕፃኑ ማቆየት ደግሞ ለኪስም ይስማማል።

በምድጃው ዙሪያም ሊስተካከሉ የሚችሉ ቀላል ነገሮች አሉ። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት ውስጥ በቀላሉ አይዋሐድም። ጥራጥሬውን መዘፍዘፍና ማብቀል፣ ሊጡን በደንብ ማቡካት፣ ከወጡ ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ መብላት ይረዳል። ምግብ እንዳለቀ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ግን ብረቱን ያግዳል። ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት በተለይ ለነፍሰ ጡሮች ይመከራል።

ለወረዳ አመራሩ

በ2007 ዓ.ም የፌዴራል መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ተነሥቷል። በኅዳር 2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ ወተት፣ እንቁላል፣ ማርና ሥጋ ወደ እያንዳንዱ ቤት እንዲደርሱ ያለመ ነው። ሁለቱም ዓላማዎች የሚገናኙት በአርሶ አደሩ ገበታ ላይ ነው። የወረዳ ሪፖርት ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው የተሠራጨውን ጫጩት ብዛት፣ ለገበያ የቀረበውን ወተትና እንቁላል ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ በአምራቹ ቤት ሕፃን አፍ እንደገባ አይጠየቅም። እንቁላሉ ሁሉ ተሽጦ ሪፖርቱ ቢያምር፣ የሌማቱ ትሩፋት በሌላ ሰው ሌማት ላይ ነው ያለው።

የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አንድ ቤት በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ቅጽ ይጎበኛሉ። እሱ ስለ ማሳው ይጠይቃል፤ እሷ ስለ ሕፃኑ። ሁለቱ አብረው ቢቀመጡ ግን “ባለፈው ሳምንት ሕፃኑ ምን በላ?” የሚለው ጥያቄ “በዚህ ዓመት ሩቡ ቃዳ ምን ይዘራበት?” ለሚለው መልስ ይሆናል። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም። በክልሉ ያለው የፀጥታ ችግር የገበያና የግብዓት መንገዶችን በሚያውክበት ጊዜ ደግሞ በግቢ የሚገኝ እንቁላልና በማሳ የሚገኝ ጥራጥሬ ዋጋው ይበልጥ ከፍ ይላል።

እንደገና የመጣ ውሳኔ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንስ ራሱ ተፈትኗል። ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ ዛፉን መትቶ በብዙ ማሳ ቅጠሉ ረግፏል፤ ችግኙ ሳይደርስ የደረቀበትም አርሶ አደር ብዙ ነው። ኪሳራው ከባድ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መንጠልጠል ያለውን አደጋም አሳይቷል።

ይህ ክፉ አጋጣሚ ግን አንድ ነገር መልሷል፤ ውሳኔን። የደረቀው ዛፍ ተነሥቶ ባዶ የቆመ ቃዳ አሁን “ምን ይሁን?” እያለ ነው። ቀድሞ ዲከረንሱ ሲተከል ስለ ዋጋው፣ ስለ ጆንያውና ስለ መንገዱ ተመክሮ ነበር። ስለ ላሟ፣ ስለ አሬራውና ስለ ሕፃኑ ግን አልተመከረም፤ እነሱ እግረ መንገዳቸውን ሄዱ። በዚህ ጊዜ ባልና ሚስት ተቀምጠው ሲመክሩ ከገበያው ጎን ገበታውም ይነሣ። ከአራት ቃዳ ሩቡ ግብጦና ባቄላ፣ እርከኑ ደሾ፣ ከሰባት በግ አንዱ ለቤት፣ ከአምስት ዶሮ አንዷ ለሕፃኑ ቢባል ቀሪው ለገበያ ይበቃል።

ሥጋን ጨርሶ መተው የፈለገ ሰው መተው ይችላል፤ የራሱ ምርጫ ነው። የሚያሳዝነው ሳይመርጡ መተው ነው። ቀስ በቀስ በእግሩ ሄዶ ከቤት የወጣው እንቁላል፣ በዚያው መንገድ ቀስ በቀስ ይመለሳል። መጀመሪያ ግን መሄዱን ማወቅ ያስፈልጋል።